የአባታችንን ሽጉጥ ልንሸጥ ነው፤ ውሉ እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከብቸና አካባቢ ነው። አባታችን ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። ሳጥኑን ስንከፍት ማካሮቭ ሽጉጡ ከነማኅደሩ ተገኘ። ፈቃዱም አብሮ አለ፤ በእሱ ስም ነው። አንድ የአባቴ ዘመድ "እኔ ልግዛችሁ" ብሎ ቀብድ ሰጥቶናል። ቀሪውን ስንፈራረም እከፍላለሁ ይላል። በሁለት ምስክር ይጻፍ፣ ቀኑን ግን አባታችሁ በሕይወት እያለ እንደሸጠልኝ አድርገን እንጻፈው፣ ነገር ይቀልላል ብሎናል። እናታችን "ይህ ነገር ከቤቴ ይውጣልኝ" ትላለች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ "የአባቴን መሣሪያ ማን አባቱ ነው የሚሸጠው!" ብሎ አኩርፏል። የበኩር ልጅ ስለሆንኩ ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ውሉን እንዴት ብንጽፈው ይሻላል?

ግራ የገባት ታላቅ እህት

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዜር ያጽናችሁ። ሰባት ወር ለሐዘን አጭር ጊዜ ነው። በዚያ ላይ የቤቱ ጣጣ ሁሉ አንቺ ጫንቃ ላይ ወድቋል።

የጠየቅሽኝ ስለ ውል አጻጻፍ ነው። እነግርሻለሁ። ከሱ በፊት ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ዘመዳችሁ ያመጣው ቀኑን ወደ ኋላ የመጻፍ ሐሳብ ፈጽሞ እንዳይሞከር። ነገሩ የሚቀልለው ለሱ ነው። ለእናንተ አይቀልም።

እንዲህ ያለ ወረቀት ለመጻፍ አባትሽን መስሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። ያላዩትን አየን የሚሉ ሁለት ምስክሮችም ያስፈልጋሉ። ይህ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ ወንጀል ነው። የሚያስጠይቀውም እጁን ያስገባውን ሁሉ ነው። እኔን ይበልጥ የከነከነኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። አባትሽ መሣሪያቸውን በፈቃድ ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። ያ ወረቀት ግን በሕይወት ሳሉ፣ ፈቃድ ለሌለው ሰው፣ ለማንም ሳያሳውቁ ሽጉጥ የሸጡ ያደርጋቸዋል። በዕድሜያቸው ያልሠሩት ጥፋት ከሞቱ በኋላ በልጆቻቸው እጅ ይለጠፍባቸዋል። አንቺ ይህን እንደማትፈልጊ ከደብዳቤሽ ገብቶኛል።

አሁን ወደ ሽያጩ እንምጣ። በሬ ሲሸጥ ሁለት ሰው ይመሰክራል፣ ወረቀት ይጻፋል፣ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ አለቀ። በሬ ለመያዝ ማንም ፈቃድ አይጠየቅም። ሽጉጥ ላይ ግን ፈቃዱ የተሰጠው ለሰው ነው፣ በስሙ። ዕቃው እጅ ሲለውጥ ፈቃዱ አብሮት አይሄድም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል፤ ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ውል፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሽጉጡን ከአባትሽ ስም ወደ ዘመዳችሁ ስም አያዛውረውም። የሚያዛውረው ሕጋዊው መዝገብ ነው።

"ታዲያ ወረቀቱ ላይ ሸጠናል ብለን ጽፈን የለ?" ትዪኝ ይሆናል። ያ ሽጉጥ ነገ ሰው ቢጎዳበት፣ ቢሰረቅ ወይም ኬላ ላይ ቢያዝ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ደግሞ የሚመራው ወደ እናንተ ቤት ነው። ያኔ "ሸጠነዋል" ብላችሁ የምታወጡት ወረቀት ራሱ ያለ ፈቃድ መሸጣችሁን የሚመሰክር ነው የሚሆነው። እናትሽን በዚህ ዕድሜያቸው ጣቢያ ለጣቢያ ማመላለስ ነው ትርፉ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ፈቃዱ ይቅደም፣ ውሉ ይከተል፣ ርክክቡ መጨረሻ ይምጣ። ብዙ ሰው የሚሄደው በተቃራኒው ነው። አስቀድሞ ይረካከባል፣ ከዚያ ውል ይጽፋል፣ ፈቃዱን "ቀስ ብለን እንደርስበታለን" ይላል። በዚያው ተረስቶ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሥራ ለወረዳችሁ ፖሊስ ማሳወቅ ነው። ብቻሽን አትሂጂ፤ አጎት ወይም የምታምኑትን የሰፈር ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። የአባትሽን የመሣሪያ ፈቃድ፣ የሞት የምስክር ወረቀታቸውንና መታወቂያሽን ያዢ። የሁሉንም ፎቶ ኮፒ አስቀድመሽ አስነሺ። ዋናውን ፈቃድ ቢቀበሉሽ እንኳ ኮፒው እጅሽ ይቅር።

ሽጉጡን ግን በቦርሳ ይዘሽ እንዳትሄጂ! ይህን በትልቁ ጻፊልኝ። በደህናው ዘመንም ቢሆን የሚመከር አይደለም። አሁን ጎጃም ያለበትን ሁኔታ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። መንገድ ላይ ብትፈተሺ በእጅሽ የተገኘው በአንቺ ስም ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ነው። "ላሳውቅ እየሄድኩ ነው" ብትዪ ማን ይሰማሻል? ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ ሂጂ፣ መሣሪያው ቤት ውስጥ ተቆልፎ እንዳለ ንገሪያቸው፣ እንዴት እንደሚመጣ እነሱ ይወስኑ። ወይ መጥተው ያያሉ፣ ወይ ይዛችሁ ኑ ብለው በደብዳቤ ይጽፉላችኋል። በቃል "አምጪው" ቢሉሽ ደብዳቤውን ጠይቂ። መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ወይም ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ላይ ካልሆነ ጠብቁ። መጠበቅ ግዴታ ሲሆን መሸጥ መፍትሔ አይሆንም።

እስከዚያው ሽጉጡ አይነካካ። ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) ስላወጣችሁ ባዶ ነው ብላችሁ እንዳትተማመኑ። ካዝናው ወጥቶም ጥይት ጎርሶ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ በተባለ መሣሪያ የሚሞተው ሰው ብዙውን ጊዜ የቤት ልጅ ነው። ሳጥኑ ይቆለፍ፣ ቁልፉ እናትሽ ዘንድ ይሁን። እንግዳ ሲመጣ ወጥቶ አይታይ። የሙት ዓመት ተዝካር ሲደርስ ደግሞ "ለጋሼ አንድ ሁለት ይተኮስላቸው" የሚል አይጠፋም። አይሆንም በሉት።

ዘመዶችሽ "ካሳወቅን ይወስዱብናል" ይሉ ይሆናል። ስጋታቸውን አልንቀውም። በእኛ አካባቢ መሣሪያ ንብረት ብቻ ሆኖ አያውቅም፣ የአባት ማስታወሻም የቤት ክብርም ነው። "ምዝገባ" እና "ልኬታ" የሚሉት ነገሮች ደግሞ ለጎጃም ገበሬ ጥሩ ትዝታ የላቸውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ መሬታችን ሊለካብን ነው ብሎ መሣሪያ ያነሳው የሞጣና የብቸና ሰው ነበር። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። ስለዚህ አልደብቅሽም። ሽጉጡ ተወስዶ ላይመለስ ይችላል። የሚጠበቀው ገንዘብም ሊቀር ይችላል። እኔ ግን በእናንተ ቦታ ብሆን ገንዘቡ ይቅር እላለሁ። እናትሽ "ከቤቴ ይውጣልኝ" ያሉት ነገር በሕጋዊ መንገድ ወጣ ማለት ነው።

ከወሰዱት ግን ባዶ እጅሽን አትመለሺ። የርክክብ ሰነድ ይሰጥሽ። የመሣሪያው ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ የካዝናውና የጥይቱ ብዛት፣ ቀኑ፣ የተረካቢው ሙሉ ስምና ማዕረግ ይጻፍበት፣ ማኅተም ይረፍበት። "ግድ የለም፣ እናውቅሻለን" የሚል መልስ በቂ አይደለም። የሚያውቁሽ ሰዎች ነገ ተዛውረው ሊሄዱ ይችላሉ።

ሽያጩ ይፈቀዳል ከተባላችሁ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ሻጩ ማን ነው የሚለው ነው። አንቺ በኩር ስለሆንሽ ብቻ ሻጭ አትሆኚም። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የባልና የሚስት ነው፤ እናትሽ በራሳቸው ድርሻ አላቸው። የአባትሽ ድርሻ ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ ለልጆች እኩል ይተላለፋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 ይህን ነው የሚለው። ወራሽነታችሁን ከወረዳው ፍርድ ቤት በማስረጃ ታወጣላችሁ። ምናልባት ለመሬቱ ወይም ለባንክ ሒሳቡ ብላችሁ አውጥታችሁት ይሆናል፤ ያው ይበቃል። አባትሽ በሕይወት ሳሉ ለአንዳችሁ ውክልና ሰጥተው ከነበረ በሱ እንዳትጠቀሙ። ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል።

ታናሽ ወንድምሽን የማነሳው እዚህ ላይ ነው። ያኮረፈው በገንዘቡ አይመስለኝም። በሳጥኑ ውስጥ ያየው ሽጉጥ ሳይሆን አባቱን ነው። ሳታማክሩት ቀብድ መቀበላችሁ ደግሞ ቁስሉን ነክቶበታል። ቁጭ ብለሽ አናግሪው፤ እናትሽ ባሉበት። ዕድሜውና ሁኔታው ከፈቀደ በራሱ ስም ፈቃድ መጠየቅ እንደሚችል ንገሪው። ከተፈቀደለት የእናንተን ድርሻ በስምምነት ትለቁለታላችሁ፤ ለባዕድ ከመሸጥ ይሻላል። ካልተፈቀደለት ደግሞ እምቢታው ከአንቺ አልመጣም። ማኅደሩን ግን ማንም አይከለክለውም። ቆዳው ከአባቱ ወገብ ላይ ያረጀ ነው፤ ለሱ ስጪው። እሱ ሳይፈርም የተደረገ ሽያጭ ነገ እህትና ወንድም ፍርድ ቤት የሚያገናኝ ነው።

ስለ ገዢው ብዙ አልልም። ዘመድነቱ ፈቃድ አይሆንለትም። በራሱ ስም ይጠይቅ፣ ሲፈቀድለት ወረቀቱን ያሳያችሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሰው በቀጥታው መንገድ ሊያገኘው የሚችለውን ነገር በሐሰተኛ ቀን ለማግኘት አይደክምም። ፈቃድ የማያገኝበት ምክንያት ካለው እናንተም ልትሸጡለት አይገባም።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው ውሉ የሚጻፈው። መግቢያው እንደማንኛውም ውል ነው። የሻጮችና የገዢው ስም እስከ አያት፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የመታወቂያ ቁጥር። የአባትሽ ፈቃድ ቁጥር፣ የወራሽነት ማስረጃው ቁጥርና ቀን፣ የገዢው ፈቃድ ቁጥርና ቀን፣ ሽያጩን የፈቀደው ደብዳቤ ቁጥር። ዋጋው በአኃዝም በፊደልም። ሁለት ምስክሮች።

ጊዜ ሰጥታችሁ ልትጽፉት የሚገባው የሽጉጡ መግለጫ ነው። ብዙ ውል የሚበላሸው እዚያ ነው። "አንድ ማካሮቭ ሽጉጥ" ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ይቆጠራል። መጀመሪያ ዕቃው ማካሮቭ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ሰዉ ትንሽ ሽጉጥ ሁሉ ማካሮቭ ይላል። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ሚሊ ሜትር ነው፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ቶካሬቭ የሚባለው ሌላው የሩሲያ ሽጉጥ ከሆነ ጥይቱ 7.62 ሚሊ ሜትር ነው። ፈቃዱ ላይ የሰፈረው ዓይነትና ዕቃው ይመሳሰሉ።

ከዚያ ቁጥሩ። የሩሲያ ሥሪት ማካሮቭ ላይ ቁጥሩ በግራ ጎኑ ተቀርጿል፤ ከቁጥሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የሩሲያ ፊደላት አሉ። ጸሐፊዎች እነዚህን ፊደላት ስለማያውቋቸው ሊዘሏቸው ወይም በሚመስል የእንግሊዝኛ ፊደል ሊተኳቸው ይችላሉ። ያን ጊዜ ሌላ ሽጉጥ ሆነ ማለት ነው፤ ያው ቁጥር በሌላ ፊደል ስር ሊኖር ይችላልና። የሚሻለው እንዲህ ነው። መሣሪያውን ጣቢያ ያለው ባለሙያ ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ ስስ ወረቀት ቁጥሩ ላይ አድርጋችሁ በእርሳስ ቀስ ብላችሁ አሹት። ቅርጹ ራሱ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ያን ከውሉ ጋር አባሪ አድርጉት። በውሉ፣ በፈቃዱና በዕቃው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ ይመሳከር። በአባትሽ ፈቃድ ላይ አንድ አኃዝ እንኳ ተሳስቶ ካገኛችሁ በራሳችሁ እጅ አታርሙት። ለፖሊስ ተናገሩ፣ እነሱ በጽሑፍ ያርሙት።

ካዝናው ስንት እንደሆነ፣ ጥይት ካለ ብዛቱ፣ ማኅደሩ አብሮ መሸጥ አለመሸጡ ይጻፍ። ሽጉጡ በዕዳ ያልተያዘና ክርክር የሌለበት መሆኑም አንድ መስመር ይግባ።

ርክክቡ ጣቢያ ውስጥ ይሁን፣ ባለሙያው ባለበት። ቤት ውስጥ፣ ጠላ ቤት በር ላይ፣ መኪና ውስጥ አይሁን። ገንዘቡ በባንክ ይግባ፤ ደረሰኙ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ርክክቡ የተፈጸመበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይጻፍ። "ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20" የምትለዋ ቃል ትንሽ ትመስላለች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽጉጡ አንድ ነገር ቢያደርስ ግን ማን እጅ ላይ እንደነበረ የምትለየው እሷ ናት። በመጨረሻም የአባትሽ ፈቃድ መሰረዙንና መሣሪያው በገዢው ስም መመዝገቡን የሚገልጽ ወረቀት ጠይቂ። ያ ወረቀት እስኪሰጥሽ ድረስ ሽያጩ አለቀ አትበዪ። ከሁሉም ኮፒ አንዱ እናትሽ ዘንድ፣ ሌላው ከቤት ውጪ በምታምኑት ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

የቀረው ቀብዱ ነው። እሱን ለዛሬ አድርጊው። ዘመዳችሁ ትንሽ ሕግ የሚያውቅ ከሆነ "ቀብድ የተቀበለ ካፈረሰ እጥፍ ይከፍላል" ሊልሽ ይችላል። እውነት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 እንዲያ ይላል። ነገር ግን ያ ለሚጸና ውል ነው። ሕግ የከለከለውን ነገር የሚያስፈጽም ውል ከመነሻውም አይጸናም፤ ቁጥር 1716 ነው። ፈቃድ በሌለበት፣ ያውም በሐሰተኛ ቀን ሊጻፍ በታሰበ ሽያጭ ላይ እጥፍ ልጠይቅ ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም አይመስለኝም። የሰጠውን መልሱለት፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ በባንክ። በክፉ ቃል አትለያዩ። "አባባ፣ ፈቃዱን አውጣና ና፤ ያኔ የምንሸጠው ከሆነ ከማንም በፊት ላንተ ነው" በዪው። በዕድሜ የገፋ ከሆነም "አንቱ" ብለሽ። ከዚያ ይህችን አስፈርሚው፦

"እኔ አቶ (ሙሉ ስም) ለሽጉጥ ግዢ ብዬ በቀብድ የሰጠሁት ብር (በአኃዝና በፊደል) ዛሬ (ቀን፣ ወር፣ ዓ.ም.) በባንክ ተመልሶልኛል። ሽጉጡን አልተረከብኩም። የተጻፈ ውልም የለም። በዚህ ጉዳይ ከወይዘሮ (የእናትሽ ስም) እና ከልጆቻቸው የምጠይቀው ነገር የለኝም።"

ፊርማው ከሥሩ፣ ሁለት ምስክሮች ከጎኑ። ቀኑ የዛሬው ይሁን።